ውሻን ውሻ ሲነክሰው፦ ትንሿን ቀዳዳ አትናቋት

ውሻ ተነክሶ ሲመጣ ባለቤቱን የሚያስደነግጠው የተተለተለው ቆዳ ነው። ይበልጥ የሚያሰጋው ግን ፀጉር የሸፈናት የክራንቻ ቀዳዳ ናት። ክራንቻ ቆዳውን በጠባቡ ይበሳል፤ ነካሹ ይዞ ሲያራግፍ ግን ቆዳው ከሥጋው ይላቀቃል፣ ጡንቻው ይደቅቃል፣ ምራቅና ፀጉር ውስጥ ይቀራል። ቀዳዳዋ ቶሎ ትገጥምና ከሥሯ ያለው ኪስ ከቀናት በኋላ መግል ይቋጥራል።

መጀመሪያ አፉን እሰሩት። የዋህ የሚባለውም ውሻ ሲያመው ጌታውን ይነክሳል። 1 ሜትር ያህል ፋሻ ወይም የአሮጌ ነጠላ ቁራጭ አፉ ላይ አዙሮ፣ ከአገጩ ሥር አቋርጦ፣ ከጆሮው ኋላ መቋጠር ይበቃል። የሚያስመልሰው ወይም ትንፋሽ ያጠረው ከሆነ ግን አይታሰርም። ጓንትም አትርሱ፤ የነካሹ ምራቅ ፀጉሩ ላይ አለ፣ የእብድ ውሻ በሽታ ደግሞ በተጫረ እጅ ይገባል።

የሚደማውን በንጹሕ ጨርቅ 5 ደቂቃ ሳታነሱ ተጫኑት። በየመሃሉ ገልጦ ማየት የረጋውን ደም ይነቅለዋል። ቡና የሚነሰንስ አለ፤ ዱቄቱ ቁስሉ ውስጥ ቀርቶ ሐኪሙ የሚለቅመው ቆሻሻ ከመሆን አያልፍም።

ዋናው ሥራ እጥበቱ ነው። ቀዳዳውን በእርጥብ ጎዝ ሸፍናችሁ ዙሪያውን ፀጉሩን ቁረጡ። 1 ሊትር ውኃ አፍልታችሁ 9 ግራም ጨው (ለጥ ያለ አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ) ጨምሩና ለብ እስኪል አብርዱት። መርፌው በወጣ የ20 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ከቅርብ እየረጫችሁ ሊትሩን ጨርሱት። ጫፉን ሰክቶ መግፋት ቆሻሻውን ወደ ጥልቁ ይነዳዋል። አልኮልና ደቶል ያልሞተውንም ሥጋ ያቃጥላሉ። የ10 በመቶ ቤታዲን ካለ 1 እጁን በ9 እጅ ውኃ አቅጥኑት፤ መልኩ ቀጭን ሻይ ሲመስል ደርሷል። «ስፋልኝ» ብላችሁም ሐኪሙን አትወጥሩ፤ የክራንቻ ቀዳዳ ክፍት ሆኖ ሲፈስ ነው የሚድነው።

ደረት፣ ሆድ ወይም አንገት ላይ የተነከሰ፣ ትልቅ ውሻ አንስቶ ያራገፈው ትንሽ ውሻ፣ ድዱ የነጣ፣ እነዚህ ሳያድሩ ሐኪም ጋ ይሂዱ። ከድሬዳዋም ከሐረርም የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ መንገድ ላይ ነው። አንቲባዮቲኩን በኪሎው ሐኪም ይመጥነው። ከቤት ፓራሲታሞል፣ አይቡፕሮፌን ወይም ዲክሎፌናክ አትስጡት፤ የኋለኞቹ ሁለቱ ጨጓራውን ያቆስላሉ፣ ኩላሊቱን ይጎዳሉ።

በድሬ ሙቀት ደግሞ ዝንብ አለ። እርጥብ ቁስል ላይ የጣለችው እንቁላል በአንድ ቀን ውስጥ ትል ሊሆን ይችላል፤ ቁስሉን ጠዋትና ማታ እዩት፣ ቀን ቤት ውስጥ አኑሩት። ናፍጣ የሚቀባ ሰው ካገኛችሁ እጁን ያዙት።

የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱ ያልተቋረጠ ውሻ ወዲያው ማጠናከሪያ ተወግቶ 45 ቀን ይጠበቃል። ፈጽሞ ያልተከተበ ከሆነ ምርጫው ከባድ ነው፦ ለ4 ወር ከሰውና ከእንስሳ መለየት ወይም ማስወገድ። ነካሹ ከተገኘ አትግደሉት፤ ታስሮ 10 ቀን ይታይ። ሐረር ላይ ነካሹ ጅብም ሊሆን ይችላል፤ አስሮ ማየት ስለማይቻል እንዳበደ ቆጥራችሁ ተነሡ። እናንተን የጫራችሁ ወይም ምራቁ የነካችሁ ካለ፣ ቦታውን በሳሙናና በውኃ 15 ደቂቃ ታጥባችሁ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱ።