21 ቀን ከአንድ ፎም ሳጥን ጋር

መጀመሪያ የጫጩት መፈልፈያ ማሽኔ ውስጥ የከተትኳቸው 12 እንቁላሎች ከሰፈራችን ሱቅ የተገዙ ነበሩ። አትሳቁ። ሱቅ የሚመጣው እንቁላል አብዛኛው ከእርባታ ነው፣ እዚያ ደግሞ እንቁላል ጣዮቹ ከአውራ ጋር አይኖሩም፣ ለመጣል አውራ አያስፈልጋቸውማ። እንዲህ ያለውን እንቁላል 21 ቀን አይደለም 21 ዓመት ብታሞቁት ጫጩት አይወጣውም። ይህን የነገሩኝ ጎረቤቴ እማማ ናቸው፣ ያውም በደንብ ከሳቁ በኋላ።

ያለሁት ሱሉልታ ነው። ከእንጦጦ ጀርባ፣ ማታ ማታ ያለ ጋቢ የማይቀመጡበት አገር። ማሽን የምለው ደግሞ አንድ የፎም ሳጥን፣ የድሮው ቢጫ አምፖል (አዲሶቹ ብርሃን እንጂ ሙቀት የላቸውም)፣ ከመርካቶ የተገዛ ቴርሞስታት፣ ከአሮጌ ኮምፒውተር የተነቀለ ፋን እና አንድ ሳህን ውሃ ነው። ፋኑ ሙቀቱን እኩል ያዳርሳል፣ ቴርሞስታቱ 37.5 ዲግሪ ላይ ይይዘዋል። በወረቀት ላይ ቀላል ነው።

ለሁለተኛው ዙር እማማ ከራሳቸው የሐበሻ ዶሮዎች 15 እንቁላል ሰጡኝ። ቴርሞሜትሩ 37.5 ላይ ተተክሎ ቀረ። 21ኛው ቀን መጣ፣ አለፈ። በ23ኛው ቀን 4 ጫጩት ወጣ፣ ሆዳቸው የተነፋ፣ መቆም ያቃታቸው። አምስተኛውን ልርዳው ብዬ ቅርፊቱን በጥፍሬ ስልጥ ደሙ ፈሰሰ። እሱ እስካሁን ይቆጨኛል።

ጥፋቱ የቴርሞሜትሩ ነበር። ውሃ አፍልታችሁ 100 ማለቱን እዩ የሚል ምክር ሰምቼ ነበር፣ እኛ ጋ ግን አይሠራም። ከ2500 ሜትር በላይ ስለሆንን ውሃው 92 ዲግሪ እንኳ ሳይሞላ ይፈላል (ባቄላ እንቢ የሚለንም ለዚሁ ነው)። በመጨረሻ የልጆቹን የትኩሳት መለኪያ አመጣሁና ሁለቱን አንድ ላይ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ነከርኳቸው። የትኩሳት መለኪያው 38 ሲል የእኔው 39 ተኩል ይላል። ለካ 37.5 ብዬ የተማመንኩበት 36 ነበር። አንድ ዲግሪ ተኩል ለሰው ምንም ላይመስል ይችላል፣ ለጫጩት ግን የሞትና የሕይወት ጉዳይ ነው። ማሽን የሚገዛም የሚሠራም ሰው ቢሰማኝ፣ ከምንም ነገር በፊት መለኪያውን ይፈትሽ።

ሦስተኛው ዙር። እማማ የ10 ቀን ጥርቅም ነበራቸው፣ 20ውን ለእኔ ሰጥተው 5 እንቁላል በዚያው ቀን አንዷን ዶሮ አሳቀፏት። እኔ እያንዳንዱ እንቁላል ላይ በእርሳስ በአንድ ጎኑ ሀ፣ በሌላው ለ ብዬ ጻፍኩ። በቀን ሦስቴ ይገለበጣል። ሦስቴ የሆነው ሌሊቱ ረጅም ስለሆነ ነው፣ ቁጥሩ ጎዶሎ ሲሆን አንድ ማታ በሀ ቢያድር በማግስቱ በለ ያድራል፣ ካልተገላበጠ ፅንሱ ቅርፊቱ ላይ ይጣበቃል። እማማ ደግሞ ነጎድጓድ እንዳያበላሸው ሚስማር አስገባበት አሉኝ። አስገባሁ። ሚስማር ምን ይጎዳል?

በ7ኛው ቀን መብራት አጥፍተን በስልክ ባትሪ አየናቸው። ልጆቹ ተሰለፉ። ሕይወት ያለው እንቁላል ውስጥ ደም ስሩ እንደ ሸረሪት ድር ተዘርግቶ መሃሉ ላይ ጥቁር ነጥብ ይታያል፣ ባዶው ግን ወለል ብሎ ያበራል። 3ቱ ባዶ ነበሩ። በ14ኛው ቀን አንድ ሌላ ወጣ፣ ሞቶ።

በመሃል፣ በ13ኛው ቀን፣ መብራት ሄደ። ከማታው 2 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 8። ባለቤቴ ከሰል እናስገባ አለች፣ እኔ እንቢ አልኩ፣ እንቁላልም ይተነፍሳል፣ የከሰል ጭስ ደግሞ እኛንም ይጨርሰናል። ውሃ በጋዝ አፍልተን በሃይላንድ ሞላን፣ በጨርቅ ጠቅልለን ሳጥኑ ጥግ ጥግ ላይ አቆምን፣ ጋቢ ደረብንበት። ያም ሆኖ 32 ድረስ ወረደ። ግን ተረፉ። እናት ዶሮም ለመብላት ትነሳለች፣ ትንሽ ብርድ ፅንሱን ያዘገየዋል እንጂ ቶሎ አይገድለውም። የሚገድለው ሙቀት ሲበዛ ነው፣ 40 ካለፈ ነገር ተበላሸ።

ከ18ኛው ቀን በኋላ መገልበጥ የለም፣ መክፈትም የለም። እርጥበቱን ብቻ 65 በመቶ ላይ አደረስኩት። እንደ እኛ ከፍ ያለ ቦታ አየሩ ስስ ስለሆነ እንቁላሉ ውሃውን ቶሎ ያጣል፣ ኦክስጅኑም ያንሳል፣ ስለዚህ ሳህን ጨምሬ የአየር ቀዳዳዎቹን በሙሉ ከፈትኩ። በ20ኛው ቀን ማታ ከውስጥ ጩኸት ተሰማ። አንዱ ቅርፊቱን ትንሽ በሳና 12 ሰዓት ያህል ዝም አለ። ጥፍሬ በላኝ። ግን አሁን ገብቶኛል፣ በዚያ ዝምታ ውስጥ የቀረውን ደምና አስኳል ወደ ሆዱ እየሰበሰበ ነው። በዚያ ስንቅ ሁለት ቀን ያለ ምግብ ይቆያል፣ ስለዚህ ጥሬ ይዞ መሯሯጥ አያስፈልግም።

13 ወጡ። የእማማ ዶሮ ግን 5ቱንም፣ ያለ መብራት፣ ያለ ቴርሞስታት።

ማታ እማማ 8ቱን አምጣ አሉኝና በጨለማ አንድ በአንድ ክንፏ ስር ሰደድናቸው። በቀን ቢሆን ትጠረጥራለች፣ ትነክሳለች። የቀሩት 5 አምፖል ስር አደሩ። የፈንግል ክትባቱንም ሁላችንም አንድ ላይ እናስከትባለን፣ ብልቃጡ ለብዙ ዶሮ ስለሆነ ለጥቂት ብቻ መክፈት ኪሳራ ነው።

ጠዋት ሮጬ ሄድኩ። 13 ትንንሽ ራሶች በላባዋ መሃል ብቅ ብቅ ይላሉ፣ እጄን ሳስጠጋ ጠቅ አደረገችኝ። የእኔዎቹ የትኞቹ ናቸው ብዬ ጎንበስ ብዬ ስቆጥር እማማ ከበሩ ላይ አዩኝ።

«ምን የኔ የኔ ትላለህ አንተ? እንቁላሉ ሁሉ የኔ አልነበር?»