ከሌሊት ፈረቃ ወጥቼ የሰጠሁት ደም

የደም ምርመራዬ ውጤት ስልኬ ላይ የገባው ሐኪሜ ሳታየው ነው። እኔ ባለሁበት የሰው አገር እንዲህ ነው፤ ላብራቶሪው እንደጨረሰ ይልክልሃል፣ የሚያስረዳህ ሰው በኋላ ይመጣል።

ቀይ የደም ሴል፦ 6.1። ከጎኑ በቀይ «ኤች» ተጽፏል፣ ከፍ ብሏል ለማለት። ለወንድ ደህና ብለው ያስቀመጡት ከ4.5 እስከ 5.9 ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ስለ ደም ማነስ ስሰማ ኖሬ፣ ደም መብዛትም እንደሚያሳስብ ያወቅሁት ያን ሌሊት ነው። ጎግል ሳገላብጥ አደርኩ። ሳይነጋ ለራሴ ካንሰር ሰጥቼ ጨረስኩ።

ሌላ አገር ለሚኖር ጓደኛዬ ደወልኩ። የሱ ወረቀት «ሚሊዮን በማይክሮ ሊትር» ይላል፤ የኔ ደግሞ 10 ላይ ትንሽዬ 12 ደርቦ «በሊትር»። ግማሽ ሰዓት ተጨቃጨቅን። ለካ አንድ ነው፤ የኔ 6.1 እሱም ጋ 6.1 ነው።

ሐኪሟ ዘንድ ስቀርብ ጥያቄ ደረደረችብኝ። ታጨሳለህ? አላጨስም። ከፍታ ቦታ ከርመሃል? የለም። ተኝተህ ትንፋሽህ ይቆራረጣል? ብቻዬን ነው የምተኛው፣ ማን ይነግረኛል! «ደም በሰጠህበት ጠዋትስ ውሃ ጠጥተህ ነበር?»

እዚህ ላይ ጉዴ ፈላ። ቀጠሮው «ምንም ሳይበሉ ይምጡ» ይላል። እኔ ከራሴ ውሃንም ጨመርኩበት። ሌሊቱን ስሠራ፣ ሲያልበኝ አድሬ፣ ጠብታ ሳልቀምስ ነው ክንዴን የዘረጋሁት። ባዶ ሆድ የተፈለገው ደግሞ ለስኳሩና ለኮሌስትሮሉ ነው፤ ለእነሱም ቢሆን ውሃ አይከለከልም። የደም ሴል ቆጠራው ጭራሽ ባዶ ሆድ አይጠይቅም።

ሰውነት ውሃ ሲያጥረው የደሙ ፈሳሽ ይቀንሳል። ሴሎቹ አልበዙም፣ የሚዋኙበት ነው ያነሰው። ማሽኑ የሚቆጥረው በአንድ መጠን ደም ውስጥ ያሉትን ስለሆነ የበዙ ይመስላሉ። እርጉዝ ሴት ላይ ተቃራኒው ነው፤ ፈሳሹ ስለሚጨምር ቁጥሩ ዝቅ ይላል።

ከዚያ ዓይኔ ያለፋቸውን መስመሮች አሳየችኝ። ሄሞግሎቢን (በቀይ ሴሎቹ ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው) እና ሄማቶክሪትም (ቀይ ሴሎቹ ከደሙ የያዙት ድርሻ) አብረው ከፍ ብለዋል። ኤም.ሲ.ቪ የሚባለው አንዱ ቀይ ሴል በአማካይ ምን ያህል ትልቅ እንደሆነ ይናገራል፤ የኔ 86 ነው፣ ከ80 እስከ 100 ደህና ነው። ይቺን መስመር ወደድኳት። ብረት ሲያጥር ሴሎቹ ጥቃቅን ይሆናሉ፣ ቢ12 ወይም ፎሌት የሚባሉት ቫይታሚኖች ሲያጥሩ ይተልቃሉ። ታላሴሚያ የሚባለውን የደም ችግር በዘር የተሸከመ ሰው ደግሞ ብዙ፣ ግን ጥቃቅን ሴሎች ሊኖሩት ይችላል። ቆጠራውን ብቻ ካየ «ደሜ ሙሉ ነው» ብሎ ይሸወዳል።

«ድጋሚ ከፍ ካለ ግን ሳንባህን፣ እንቅልፍህን፣ ኩላሊትህን፣ መቅኒህንም እናያለን» አለችኝ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ በዕረፍት ቀኔ፣ ውሃዬን ግጥም አድርጌ ሄድኩ። 5.6። ኤቿ የለችም። ፎቶ አንስቼ ለጓደኛዬ ላክሁለት።

«በሊትር ነው በማይክሮ ሊትር?» ብሎ መለሰልኝ።