እኩል ክፍፍል ያሸሸው እሸት ቡና

አጋሮ አካባቢ ያለ አንድ የቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር በአንድ የለቀማ ወቅት ማጠቢያ ጣቢያው ሥራ ፈታ። ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ ፍሬ ይዟል፣ መፈልፈያው ተጠግኗል፤ ሚዛን ላይ የሚወጣው እሸት ግን ካለፈው ዓመት ከግማሽ በታች ነው። ማታ ማታ አይሱዙ እየገባ የአባላቱን ቡና ከየደጃቸው ጭኖ ወደ ጅማ ይወጣል። ኮሚቴው ለመፍረድ አልዘገየም፦ «ሰው ስግብግብ ነው፤ ማኅበር ከእኛ ጋር አይሄድም።»

ይህ ፍርድ በአገራችን ሥር አለው። በደርግ ዘመን ከነበሩት የገበሬ አምራች ማኅበራት የመጀመሪያው ደረጃ ማልባ መሬትን፣ ቀጣዩ ደረጃ ወልባ ደግሞ በሬንና ማረሻን ጭምር ወደ ጋራ አስገቡ። በየካቲት 1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ሲታወጅ ገበሬው አብዛኞቹን አምራች ማኅበራት አፍርሶ መሬቱን ተከፋፈለ። ከዚያ ወዲህ «ሰው ለራሱ ካልሆነ አይሠራም» ማለት የተለመደ ነው። የአጋሮው መዝገብ የሚያሳየው ግን ሌላ ነገር ነው።

ቁጥጥር ኮሚቴው መዝገቡን ሲመረምር እሸት ሲመዘን የሚከፈለው ዋጋ ለሁሉም አንድ ሆኖ ተገኘ። በዓመቱ መጨረሻ የሚሰጠው ትርፍም የሚከፋፈለው በነፍስ ወከፍ ነበር። ስሌቱ ቀላል ነው፦ ትርፉ 300,000 ብር ቢሆን፣ 30 በመቶው ለመጠባበቂያ ተቀንሶ 210,000 ይቀራል። ለ200 አባላት ሲካፈል ለእያንዳንዱ 1,050 ብር ይደርሳል። 3,000 ኪሎ ያስገባውም 200 ኪሎ ያስገባውም ያው ነው።

ጉባኤው ላይ ለነጋዴ በመሸጥ የተከሰሱ አንድ ሐጂ ተነሥተው እንዲህ አሉ፦ «ሊቀመንበር፣ እኔ ሌባ አይደለሁም። አንዱን ዛፍ ሦስት አራት ጊዜ እየተመላለስኩ ቀዩን ብቻ እለቅማለሁ። ሌላው በአንድ ቀን ሙልጭ አድርጎ አራግፎ ጥሬውን ከበሰለው ደባልቆ ያመጣል። መጨረሻ ላይ እኩል ትሰጡናላችሁ። የእኔ ድካም የት ገባ?»

ጥያቄው የገንዘብ ብቻ አይደለም። መፈልፈያው የሚስተካከለው ለበሰለ ፍሬ ነው። ጥሬው ጠጣር ስለሆነ ልጣጩ አይለቅም፤ ወይ ፍሬው ይሰነጠቃል፣ ወይ ከነልጣጩ ወደ ማብላያው ገንዳ ይገባል። ሲቀመስም አፍ የሚይዝ ምሬት ያመጣል። ቡናው ተደባልቆ ስለሚሸጥ የአንዱ ግዴለሽነት የሁሉንም ዋጋ ያወርዳል። እኩል ክፍፍል የተባለው ነገር የትጉሁን ላብ ለግዴለሹ ሲሰጥ ኖሯል፤ ይህን ፍትሕ ብሎ መጥራት ከባድ ነው።

ማስተካከያው ከሚዛኑ ጀመረ። በየጠዋቱ ክብደቱ በታወቀ 20 ኪሎ ብረት ይፈተሻል። እሸቱ ውኃ ውስጥ ይነከርና የተንሳፈፈው ይወጣል። ከቀሪው 100 ፍሬ ተቆጥሮ ከ5 በላይ ጥሬ ከተገኘ ባለቤቱ እዚያው ለይቶ እንዲያመጣ ይመለስለታል። ደረሰኙ በሁለት ቅጂ ይጻፋል፤ የቀኑ ዝርዝር በር ላይ ይለጠፋል። ትርፉ ደግሞ በኪሎ ሆነ፦ በጠቅላላው 140,000 ኪሎ ገብቶ ከሆነ ያው 210,000 ብር በኪሎ 1.50 ይደርሳል፤ 3,000 ኪሎ ላስገባ 4,500፣ 200 ላስገባ 300። ድምፅ ግን አልተነካም፤ ባለ ብዙ ማሳውም ባለ ጥቂቱም አንድ አንድ ድምፅ አላቸው። በስፔን ከ1956 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራው የሞንድራጎን ኅብረት ሥራም ደመወዝ እኩል አላደረገም፤ በዝቅተኛውና በከፍተኛው ተከፋይ መካከል ያለውን ርቀት ነው የገደበው።

ስግብግብነት ግን ሌላ ቀዳዳ አገኘ። አንዳንድ አባላት አባል ካልሆነ ጎረቤት እሸት እየገዙ በራሳቸው ስም ማስገባት ጀመሩ። ከሁለት ሄክታር መሬት ይመጣል የማይባል ኪሎ ተመዘገበ። መፍትሔው ጣሪያ ነበር። በአካባቢው ከአንድ ሄክታር 7 ኩንታል ያህል ንጹሕ ቡና ይጠበቃል ቢባል፣ አንድ ኪሎ ንጹሕ ቡና ስድስት ኪሎ ገደማ እሸት ስለሚፈልግ 42 ኩንታል እሸት ማለት ነው። ከዚህ እጥፍ በላይ ያስገባ አባል ማሳው ይታያል። ይህ ቁጥጥር አለመተማመን ነው ያሉ ነበሩ። የግል ነጋዴ ግን ለገዛ ወንድሙም ቢሆን ሳይመዝን አይከፍልም፤ ካፒታሊዝም የሰውን ስግብግብነት በኦዲተርና በውል እየጠበቀ ነው የሚኖረው። ማኅበር ሲሆን ብቻ ሰው መልአክ ይሁን ማለት ተገቢ አይመስለንም።

በሌሊት የሚሸጠው ሁሉ ስግብግብነት የያዘው እንዳልሆነም መታወቅ አለበት። ነጋዴው በክረምት፣ እህል ባለቀበት ሰዓት፣ ያበድራል፤ ሲገዛም እዚያው በእጅ ይከፍላል። የማኅበሩ የባንክ ብድር ደግሞ ለቀማው ከተጀመረ በኋላ ይደርሳል። ልጁን ሐኪም ቤት የሚወስድ ሰው የዓመት መጨረሻን ትርፍ መጠበቅ አይችልም። ስለዚህ የብድር ጥያቄው ከሰኔ በፊት እንዲገባ፣ ከመጠባበቂያውም ለቅድሚያ ክፍያ የተወሰነ እንዲያዝ ተወሰነ።

ያልተፈታው የታጠበውን ቡና የሚለዩት ሴቶች ጉዳይ ነው። በማድረቂያው አልጋ ዳር ቀኑን ሙሉ ቆመው የተሰነጠቀውንና የጠቆረውን እየለዩ ያወጣሉ፤ የጥራቱ ትልቅ ድርሻ የእነሱ እጅ ነው። ማሳ ስለሌላቸው አባል አይደሉም፤ ደመወዛቸው ከትርፉ በፊት በወጪ ተመዝግቦ ያልቃል። በኪሎ የሚከፋፈል ትርፍ እነሱን አያያቸውም። ቡናው ጥሩ ደረጃ ባገኘ ቁጥር ለለዩት ሴቶች ጭማሪ ይከፈል የሚል ሐሳብ ቀርቧል፤ ጭማሪው ለአባላት ከሚከፋፈለው 70 በመቶ ይነሣ ወይስ ከመጠባበቂያው የሚለው ላይ አባላቱ ገና አልተስማሙም።