የካውናስን የቪዛ ዝርዝር ስትመረምሩ ስሞቹን አትመኑ

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አይሁዳውያን እንዴት እንዳመለጡ ለማጥናት የሚነሳ ሰው መጀመሪያ የሚሰማው «መዝገቡ ሁሉ ኢንተርኔት ላይ አለ» የሚል ምክር ነው። ግማሹ እውነት ነው። የናዚ ሰለባዎችን ሰነድ የሚያስቀምጠው የጀርመኑ የአሮልሰን መዛግብት ብቻ የ17.5 ሚሊዮን ያህል ሰዎችን መረጃ ይዟል፤ አብዛኛውም ቤት ተቀምጦ ይታያል። አንድ ሰው በአምስት ዓይነት አጻጻፍ ተበታትኖ እንደሚገኝ ግን ማንም አልነገረኝም።

ቀላሉን ላሳጥረው። መዝገብ ቤት ሄዳችሁ የጠየቃችሁት አቃፊ ሲመጣ መጀመሪያ ሽፋኑን፣ ከዚያ ገጾቹን በተራ ፎቶ አንሱ። የምትጽፉት በእርሳስ ብቻ ይሁን። ለወረቀት ታጥቦ የደረቀ እጅ ከጓንት ይሻላል፤ ጓንት የታተመ ፎቶግራፍ ለመንካት ነው። (ጠባቂው «ጓንት ካላደረግክ» ካለ አትከራከሩ፤ አድርጉና ቀስ ብላችሁ ግለጡ።)

የጃፓኑ ምክትል ቆንስል ቺዩኔ ሱጊሃራ በ1940 እ.ኤ.አ. በሊቱዌንያዋ ከተማ በካውናስ ለሚሸሹ አይሁዳውያን የሰጣቸው የመሸጋገሪያ ቪዛዎች ዝርዝር ቶኪዮ፣ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር መዝገብ ቤት ይገኛል። 2,140 ስም አለው፤ 2,139 የሚሉም አሉ። እኔ ይህንን ይዤ «2,140 ሰው ዳነ» ብዬ ጻፍኩ፤ እስካሁን ያሳፍረኛል። በአንድ ቪዛ ሚስትና ልጆች አብረው ተጉዘዋል፤ ቪዛው በእጃቸው ሆኖ ሳይወጡ የቀሩ አሉ፤ በሐሰተኛ ማኅተም የወጡም አሉ። ስለዚህ እያንዳንዱን ስም ከሌላ መዝገብ ጋር ማመሳከር ግድ ነው፤ ለምሳሌ በጃፓኗ ኮቤና በቻይናዋ ሻንጋይ ስደተኞቹን ይረዱ ከነበሩ ድርጅቶች ወረቀት ጋር። የመሸጋገሪያ ቪዛ መድረሻ አገር ስለሚፈልግ፣ በካሪቢያን ላለችው የሆላንድ ደሴት ለኩራሳዎ የመድረሻ ማረጋገጫ ይሰጥ የነበረው የሆላንድ ቆንስል ያን ዝዋርተንዳይክ ሰነዶቹን ስላቃጠለ፣ በእሱ በኩል ያለው ፍንጭ በተረፉ ፓስፖርቶች ላይ ያለው ተራ ቁጥር ነው።

መከራው የሚጀምረው ማመሳከሩ ላይ ነው። ሽዋርዝ የሚለውን ስም ውሰዱ። የ«ሽ»ን ድምፅ ጀርመንኛ በሦስት ፊደል፣ ፖላንድኛ በሁለት፣ ሊቱዌንኛ ምልክት ባለበት አንድ ፊደል ይጽፈዋል። ሊቱዌንኛው በዚህ ላይ ለወንድ «አስ»፣ ላገባች ሴት «የኔ» የሚል መድረሻ ይቀጥላል፤ ባልና ሚስት በፊደል ተራ ሲደረደሩ ይለያያሉ። ድምፃቸው የሚመሳሰል ስሞችን በአንድ ቁጥር የሚሰበስበው የዳይች-ሞኮቶፍ የድምፅ ኮድ ለዚህ የተሠራ ነው፦ የጀርመንኛውም የፖላንድኛውም አጻጻፍ 479400 ይሰጣል። የሊቱዌንኛውን መድረሻ ሳትቆርጡ ካስገባችሁት ግን 479440 ይወጣና ሰውየው ይጠፋችኋል። መሣሪያው መድረሻ አይቆርጥላችሁም። መጀመሪያ ግንዱን በእጃችሁ አውጡ።

ቀን ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። እኛ ሁለት አቆጣጠር ለምደን ስላደግን አልስትም ብዬ ነበር! የሩሲያ ግዛት በነበሩ አገሮች ከ1918 በፊት የተወለደ ሰው ልደቱ በዩልዮስ አቆጣጠር ተመዝግቦ ሊሆን ይችላል፤ የሩሲያ ኦርቶዶክስ ገና ከእኛ ጋር በአንድ ቀን የሚውለውም በዚሁ በአሮጌው ቀመር ምክንያት ነው። ልዩነቱ በ19ኛው ክፍለ ዘመን 12 ቀን፣ ከማርች 1900 ወዲህ 13 ቀን ነው። በአንዱ ወረቀት ሜይ 3 ቀን 1895፣ በሌላው ሜይ 15 ቀን 1895 ያለ ሰው አንድ ሰው ሊሆን ይችላል።

የመዛግብት ቤቶች ቅጽ «ሙሉ ስም፣ ትክክለኛ የልደት ቀን» ይላል። እንደታዘዝኩት ሞላሁ፤ ከብዙ ጥበቃ በኋላ «አልተገኘም» የሚል አንድ መስመር መልስ መጣ። ሰውየው በዚያው መዝገብ ቤት፣ በሌላ አጻጻፍና በ12 ቀን ልዩነት ተቀምጦ ነበር። የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ሁለተኛ አጻጻፍ መሞከር ሥራው እንዳልሆነ ነው የሚያስበው፤ እኔም ሳልጠይቀው ቀረሁ። መመሪያው የፈለገውን ይበል፣ እናንተ የልደት ዓመት ብቻ ጻፉ፤ ከሥሩ የምታውቁትን አጻጻፍ ሁሉ ዘርዝሩ። የከተማውንም ስም እንዲሁ፦ ቪልኒየስ፣ ቪልኖ፣ ቪልና አንድ ቦታ ናቸው።

በሠንጠረዣችሁ የሰነዱን አጻጻፍ እንዳለ የምታስቀምጡበት ዓምድ ይኑራችሁ፤ በጭራሽ አታርሙት። ግንዱ፣ ኮዱ፣ ሁለቱም ቀኖች፣ ከተማውና የአቃፊው ቁጥር በየራሳቸው ዓምድ ይግቡ። የስም ግንድ፣ የልደት ዓመትና ከተማ ሦስቱም ካልገጠሙ «ምናልባት» ብዬ እጽፋለሁ፤ ከድምሩም አላስገባውም።