የበርበሬ ስጥና የፍሎሪዳ ሀሪኬን

ሥራዬ ሠርግ መቅረፅ ነው። ጥር ላይ ብትደውሉልኝ አላነሳም። ሐምሌ ላይ ከደወላችሁ ግን ስልኩ በደንብ ሳይጠራ አነሳለሁ። ክረምት ላይ ማን ያገባል? ጭቃው አለ፣ ፍልሰታ አለ፣ ድንኳኑ ውሃ ይቋጥራል። ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስቀል ካሜራዬ ሥራ ፈት ነው፣ እኔም እንደዚያው። ሰማይ መቅረፅ የጀመርኩት በዚህ ምክንያት ነው። ሌላ የረቀቀ ታሪክ የለውም።

ቤቴ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም፣ 4ኛ ፎቅ ነው። ስንገባ ታክሲ የለም፣ ውሃ ሲመጣ ይመጣል፣ ሱቅ ለመሄድ ጫማ መቀየር ነበረብን። ሰማይ ግን በሽ በሽ ነበር። መሀል ከተማ ሰማይ የሚታየው በሁለት ሕንፃ መሀል ሾልኮ ነው። እዚህ ከበረንዳዬ በስተምሥራቅ የረር፣ በስተደቡብ ዝቋላ ፊት ለፊቴ ናቸው። ከሰዓት 8 ሰዓት አካባቢ የረር ላይ ዳመናው እንደ ሊጥ ኩፍ ይላል። 9 ተኩል ላይ ሆዱ ይጠቁራል። መጀመሪያ ንፋሱ ይመጣና የቡና ጠጪውን ሸራ ይነጥቃል፣ ቆርቆሮ ያንቋቋል። ከዚያ የአፈር ሽታ። ከዚያ ወጨፎ። ኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው ወጨፎ ምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልገውም፤ መስኮት ዘግተህ ሶፋህ የሚረጥብበት ዝናብ ነው።

አንድ ማታ የቀረፅኩትን በረዶ ዩቲዩብ ላይ ጫንኩ። ያዩት ሰዎች ከነእናቴ ዘጠኝ ናቸው። ዩቲዩብ ግን "ይሄን ከወደድክ ይሄንንም እይ" ብሎ የሀሪኬን፣ ማለትም ከውቅያኖስ እየተሽከረከረ የሚመጣ ማዕበል፣ አሳዳጆችን አመጣልኝ። አገሩ ሁሉ ፍራሹን መኪና ላይ አስሮ ሲሸሽ፣ እነሱ በባዶው መንገድ ተቃራኒውን ይዘው ወደ ባሕሩ ይነዳሉ። መጀመሪያ "ጤነኛ አይደሉም" አልኩ። ቀጥሎ ያሰብኩት "ሌንሳቸውን በምን ይሆን የሚሸፍኑት?" ነው። ያኔ ነገሩ እንደያዘኝ ገባኝ።

እያየሁ ስሄድ እብደታቸው ሥርዓት እንዳለው አየሁ። ሀሪኬኑ የብስ የሚረግጥበትን ቦታ ለመገመት ለቀናት ካርታ ላይ ያፈጣሉ። የሚያድሩበትን ሕንፃ የሚመርጡት እንደኛ በኪራዩ አይደለም። ኮንክሪት መሆን አለበት፣ ከፍ ያለ መሬት ላይ መሆን አለበት። ባለ ብዙ ፎቅ የመኪና ማቆሚያ ሲያገኙ ደስ ይላቸዋል፤ መስታወት የለውማ። መስታወት በንፋሱ ብቻ አይሰበርም፣ ንፋሱ ተሸክሞት የሚመጣው እንጨትና ቆርቆሮ ነው የሚፈጀው። ከነፋስ ተደበቅ፣ ከውሃ ግን ሽሽ ይላሉ። ውሽንፍሩ ስሙን ያስጠራ እንጂ ብዙ ሰው የሚጨርሰው ውሃው ነው። ይህን ካወቅኩ በኋላ የኮንዶሚኒየማችንን ደረጃ በአዲስ ዓይን ማየት ጀመርኩ። ኮንክሪት ነው፣ ክፍት ነው፣ መስታወት የለውም። ለሀሪኬን አንደኛ ነው። ለመኖር ግን፣ እንግዲህ...

በቀጥታ ያየሁት የመጀመሪያው ሀሪኬን ኢያን ነው። መስከረም 18 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ የመስቀል ማግሥት። ጃኬቴ የደመራ ጭስ ይሸታል። እኛ ጋ ከምሽቱ 4 ሰዓት ሲል እነሱ ጋ ገና ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። ኢያን ፍሎሪዳ ውስጥ ካዮ ኮስታ የምትባል ደሴትን የረገጠው በዚያ ሰዓት ነበር፤ ንፋሱ በሰዓት 240 ኪሎ ሜትር። ከዚያ በፊት ሰሜን በኩል፣ ታምፓ ላይ፣ ባሕሩ ወደ ኋላ ሸሽቶ ወለሉ ታይቶ ነበር። ንፋሱ ነው ውሃውን ከባሕረ ሰላጤው ጠርጎ ያወጣው። ወደ ደቡብ ስትወርድ ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው። ፎርት ማየርስ ቢች ላይ ባሕሩ መንገዱን ተከትሎ ገባ፣ ከ3 እስከ 4.5 ሜትር ከፍ ብሎ። የኛን ምድር ቤት ሙሉ በሙሉ አስቡት፣ ጣሪያው ድረስ።

አንዱ አሳዳጅ ካሜራውን ምሰሶ ላይ አስሮ፣ እየቀረፀ ትቶት ሄዶ ነበር። እሱን ቪዲዮ ኋላ ላይ አይቼ እንቅልፍ አጣሁ። መጀመሪያ አስፋልቱ ይረጥባል። ከዚያ መንገዱ ወንዝ ይሆናል። ከዚያ ቤት ተነቅሎ በካሜራው ፊት ያልፋል። የሚጮህ ሰው የለም፣ ማብራሪያ የለም፣ ካሜራው ብቻውን ያያል። እንደ ባለሙያ ልናገር፦ ማይክ ይዘው መሀል መንገድ ላይ ከሚንገዳገዱት ሁሉ ይሄኛው ይበልጥብኛል። እነዚያ የሚያሳዩን ራሳቸውን ነው።

በዚያ ማታ ነገሩ ሲጦፍ መብራት ሄደ። ፍሎሪዳ አይደለም፣ ኮዬ ፈጬ። ዝናብ የለ፣ ንፋስ የለ፣ ሰማዩ በኮከብ ተሞልቷል። የቀረውን በስልክ ዳታ አየሁት፣ ጥቅሉ እስኪያልቅ።

ከአሳዳጆቹ ሁሉ የምከተለው ጆሽ ሞርገርማን የሚባል አሜሪካዊ ነው። ካሜራ ብቻ አይደለም የሚይዘው፣ የአየር ግፊት መለኪያም ይይዛል። የሚፈልገው የሀሪኬኑ ዐይን፣ መሀሉ ላይ ያለው ጸጥ ያለ ቦታ፣ ውስጥ መግባት ነው። ነሐሴ 26 ቀን 2011 ዓ.ም. ዶሪያን ባሃማስን በሰዓት 295 ኪሎ ሜትር ንፋስ ሲመታ እዚያው ነበር። ለሁለት ቀን ያህል ድምፁ ጠፋና ሰው ሁሉ ሞተ ብሎ አዘነ። ከዚያ በሕይወት ወጥቶ፣ ዐይኑ ውስጥ 913 ሚሊባር ለካሁ አለ። የአየር ግፊት ነው፤ ቁጥሩ በወረደ መጠን ማዕበሉ ይከፋል። ባሕር ጠለል ላይ ጤነኛ አየር 1013 ነው። እስከዛሬ ከተመዘገበው ሁሉ ዝቅተኛው እ.ኤ.አ. በ1979 ቲፕ በተባለ የፓሲፊክ ማዕበል ውስጥ የተለካው 870 ነው።

እኔም የስልኬን መለኪያ ከፈትኩ። 782 አለ። ዘጋሁት፣ ደግሜ ከፈትኩት። 782። በዓለም ካሉት ማዕበሎች ሁሉ የከፋው ሳሎኔ ውስጥ ነው ማለት ነው፤ ሚስቴ ግን በሰላም ሽንኩርት ትከትፋለች። ስልኩ ተበላሽቶ መስሎኝ ለጠጋኝ ልወስደው ነበር። ኋላ ነው የገባኝ። እኛ የምንኖረው ከባሕር 2200 ሜትር ያህል ከፍ ብለን ነው፣ ከላያችን ያለው አየር ያንሳል። ሜትሮሎጂዎች ይህን አስተካክለው ነው የሚያወዳድሩት። ያም ሆኖ ቁጥሩን ወድጄዋለሁ። ሞርገርማን ሕይወቱን ሸጦ የሚፈልገውን እኔ ካልሲ አድርጌ አገኘዋለሁ።

"ታዲያ ለምን አትሄድም?" ይሉኛል። እህቱን ሊድር ቪዛ የተከለከለ ሰው በሞላበት አገር፣ "ማዕበል ልቀርፅ ነው" ብዬ ቀጠሮ ልያዝ?

ደግሞ መሄዱ ባያስፈልግስ? የአትላንቲክ የሀሪኬን ወቅት በኛ አቆጣጠር ከግንቦት 24 እስከ ኅዳር ጽዮን ነው። ጫፉ ላይ የሚደርሰው ጳጉሜን 5 አካባቢ፣ ልጆች አደይ ሊለቅሙ በሚወጡበት ሰሞን ነው። የኛ ክረምትና የነሱ መከራ አብረው የሚሄዱት በአጋጣሚ ብቻ አይደለም። ክረምት ላይ ሰሐራ ይግላል። ከሱ በስተደቡብ ያለው አገር ደግሞ ዘንቦበት ቀዝቅዟል። በዚህ ልዩነት የተነሳ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ፣ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ፣ ፈጣን ንፋስ ይነፍሳል። ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ ጫፉን ይዘህ እንደምታወዛውዘው ገመድ ይታጠፋል። እያንዳንዱ እጥፋት፣ ሞገድ ነው የሚሉት፣ ዳመና ይሰበስባል። የእጥፋቱ መነሻ ከሱዳንና ከኛ ደጋ አካባቢ ነው፤ ተራሮቻችን ላይ ኩፍ የሚለው ዳመና አንዱ ቀስቃሽ ነው። በዓመት 60 ያህሉ አፍሪካን አቋርጠው በሴኔጋል በኩል ውቅያኖስ ይገባሉ። ብዙዎቹ እዚያው ይቀልጣሉ። ጥቂቶቹ 27 ዲግሪ የሞቀ ውሃ ሲያገኙ መሽከርከር ይጀምራሉ። ከአትላንቲክ ኃይለኛ ሀሪኬኖች 85 ከመቶ ያህሉ የተወለዱት ከነዚህ ሞገዶች ነው።

ተመራማሪዎች አልቤርቶ የተባለውን ሀሪኬን ወደ ኋላ ተከትለው፣ በ1992 ዓ.ም. ሐምሌ ከኢትዮጵያ ደጋ ላይ ከተነሳ ነጎድጓድ ጋር አገናኝተውታል። አልቤርቶ ሦስት ሳምንት ያህል ውቅያኖስ ላይ ሲንከራተት ቆይቶ፣ ሀሪኬን እንደሆነ አንድም አገር ሳይመታ ጠፋ። ጨዋ ልጅ።

ኢያንስ? መነሻው የሆነው ሞገድ የአፍሪካን ጠረፍ የለቀቀው መስከረም 4 እና 5 ላይ ነው። እኔ ጋ ደግሞ ጳጉሜን 1 ቀን የቀረፅኩት ነጎድጓድ አለ፣ የረርን አልፎ ወደ ምዕራብ ሲሄድ። ፍርድ ቤት ይዤው የምቀርበው ማስረጃ አይደለም። ግን ያን ፋይል ሌላውን ሁሉ ሳጠፋ አላጠፋሁትም።

ማሳደዱንም ሞክሬዋለሁ። አንድ ነሐሴ፣ ዳመናው በቱሉ ዲምቱ በኩል ሊያመልጠኝ ሲል ባጃጅ አስቆምኩ።

"የት ነህ?" አለኝ ልጁ።

"ወደዚያ ዳመና።"

ቀና ብሎ አየው። "ለዳመናው ስንት ትከፍላለህ?"

ተስማማን። አስፋልቱ አለቀ፣ ኮብልስቶኑ አለቀ፣ ዋልካው ጀመረ። ዋልካ ሲረጥብ ጎማ አይለቅም፤ ባጃጇ እንደ ተጣበቀች ማስቲካ ቀረች። በረዶው እዚያው ደረሰብን። ሜዳ መሀል፣ የብረት ትራይፖድ ይዤ፣ መብረቅ በግራ በቀኝ እየወረደ። እንደዚያ ያለ ጅልነት ዳግም አይለምደኝም። ላስቲክ የደረቡ፣ ቦቲ ያጠለቁ ሽማግሌ ከጤፍ ማሳቸው ሦስት ልጆች አስከትለው መጡ። ገፍተው አወጡን። ለምን እንደመጣን ጠየቁኝ።

"አባባ፣ ዝናቡን ልቀርፅ ነው።"

"ዝናቡ እኮ እናንተም ጋ ይመጣል" አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ከበረንዳዬ አልወረድኩም። ችግሩም ከዚያው ከበረንዳው መጣ።

ያለፈው ዓመት መስከረም መጨረሻ ነው። ክረምቱ ወጣ ብለን ነበር። ምድር ቤት የሚኖሩት እትዬ ግቢው ውስጥ፣ በሁለት ትልልቅ ሸራ ላይ የዓመት በርበሬያቸውን አስጥተዋል። የረር ጠቆረ። እኔ አየሁት፤ ከግቢው ሰው ሁሉ ቀድሜ አየሁት። ካሜራዬን አነሳሁ። የመጀመሪያው በረዶ ሲወርድ የትኩረት ነጥብ እያስተካከልኩ ነበር። እትዬ ነጠላቸውን ራሳቸው ላይ ጣል አድርገው፣ በባዶ እግራቸው ሮጡ። "ስጤን! ስጤን!" እያሉ ይጣራሉ። ቪዲዮው 11 ደቂቃ ነው። ካነሳሁት ሁሉ እሱ ይበልጣል። በረዶው ነጭ፣ በርበሬው ቀይ፣ ቀይ ውሃ በኮብልስቶኑ መሀል እየቀጠነ ይፈሳል። እኔ አልወረድኩም።

እትዬ ምንም አላሉኝም። ሰላምታዬን ይመልሳሉ፣ "ደህና" ይላሉ፣ ያልፋሉ። ከዚህ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

በዚያው ሰሞን የሞርገርማንን የድሮ ሥራ ሳይ፣ ታክሎባን ላይ ደረስኩ። ፊሊፒንስ፣ ጥቅምት 29 ቀን 2006 ዓ.ም.፣ ታይፉን ሀያን። ታይፉን፣ ሀሪኬን፣ ሳይክሎን ሁሉም አንድ ናቸው፤ ስሙን የሚቀይረው ባሕሩ ነው። በሀያን ከ6000 በላይ ሰው ሞቷል። ባሕሩ እነሞርገርማን ያረፉበት ሆቴል ውስጥ ሲገባ፣ ምድር ቤት ያሉ እንግዶች ክፍላቸው ውስጥ ተከበቡ። እሱና ጓደኞቹ መቅረፁን ትተው ውሃው ውስጥ ገቡ። ሰዎቹን በፍራሽ ላይ እያንሳፈፉ ወደ ደረጃው አወጧቸው። ከነሱ አንዱ እግሩ ክፉኛ ተቆረጠ። ለዚያ ማዕበል ብሎ ዓለምን ዞሮ የመጣ ሰው ነው ካሜራውን የተወው። እኔ አራት ፎቅ ነበር የምወርደው።

ቪዲዮውን ለእትዬ አላሳየሁም። አልጫንኩትምም።

ዘንድሮ ጳጉሜን ላይ በሩ ተንኳኳ። እትዬ ናቸው።

"አንተ ልጅ፣ ስለ ዳመና ታውቃለህ አሉ። ላስጣ ወይስ አላስጣ?"

የሳተላይት ምስሉን ከፈትኩላቸው። በምሥራቅ በኩል ነጭ ነጭ ነገር አለ። "እስከ 8 ሰዓት ያስጡት። ከዚያ ወዲያ አላምነውም።"

ስልኩን አተኩረው አዩት። "ቢመጣስ? ቆመህ ታየኛለህ?"

"እወርዳለሁ፣ እትዬ።"

8 ከ10 ላይ የረር ጠቆረ። ትራይፖዱን ከበረንዳው ብረት ጋር በገመድ ጠፍሬ፣ ካሜራውን በላስቲክ ሸፍኜ፣ መቅረፂያውን ተጭኜ ሳፋ ይዤ ወረድኩ። ቪዲዮው ጠማማ ነው፣ ግማሹ የጎረቤት ቆርቆሮ ነው። ከታች በኩል አናቴ ይታያል፤ ጎንበስ ብዬ በርበሬ አፍሳለሁ። ድምፁን ከፍ ካደረጋችሁት እትዬ ይሰማሉ፦ "ከዚያ ጥግ ጀምር! ከዚያ ጥግ አልኩህ እኮ!"