ግማሽ ቀን የበላኝ ቀለም

መኪናዬ ላይ ሲቢ ሬዲዮ (ሹፌሮች በቅርብ ርቀት እርስ በርስ የሚነጋገሩበትን ሬዲዮ) መግጠም ቀላል መስሎኝ ነበር። መጀመሪያ የገዛሁት ባለማግኔት አንቴና የጋቢናው ጣሪያ ላይ አልጣበቅ አለኝ፤ ጣሪያው ለካ ፋይበርግላስ ኖሯል። በማጣበቂያ ባስረው እንኳ ከሥሩ ብረት ስለሌለ በቅጡ አይሠራም ነበር።

ስለዚህ አንቴናውን ስፖኪዮው ላይ ለማሰር ዞርኩ። ሲቢ በ27 ሜጋኸርዝ አካባቢ ስለሚሠራ የሞገዱ ርዝመት 11 ሜትር ያህል ነው፤ ሩብ ሞገድ የሚያህል አንቴና 2.7 ሜትር ይረዝማል። ጋቢና ላይ ያን አቁሞ ድልድይ ሥር ማለፍ አይታሰብም። አጫጭሮቹ የጎደላቸውን ርዝመት በተጠመጠመ ሽቦ ያካክሳሉ። እኔ የመረጥኩት 1.2 ሜትር የሚሆነውን፣ ጥምጥሙ ወደ ጫፉ የሆነውን ነው፤ ጥምጥሙ ከጣሪያው በላይ ካልወጣ ቦዲው ይጋርደዋል።

ገጥሜ ስለካው ኤስደብልዩአሩ (ከአንቴናው ምን ያህል ኃይል እንደሚመለስ የሚያሳየው ቁጥር፤ ዝቅ ሲል ይሻላል) በቻናል 1ም፣ በ20ም፣ በ40ም ከ3 በላይ! 3 ሲደርስ ከሚላከው ኃይል ሩቡ ወደ ሬዲዮው ይመለሳል፤ እንዲህ እያሉ ማውራት ትራንዚስተሩን ሊያቃጥል ይችላል። እኔ ግን አንቴናው ረዝሞ ነው ብዬ ጫፉን ሳሳጥር፣ ሳስረዝም ግማሽ ቀን ፈጀሁ። ችግሩ ርዝመት ቢሆን ኖሮ ቁጥሩ ቻናል 40 ላይ ከቻናል 1 ሲበልጥ አንቴናው ረዝሟል፣ ቻናል 1 ላይ ሲበልጥ አጥሯል ማለት ነው። ሁሉም ላይ እኩል ከፍ ካለ ጥፋቱ ሌላ ቦታ ነው። መመሪያው ላይ ተጽፎ ነበር፤ ማን ያነባል!

በመጨረሻ ቴስተር አውጥቼ ከአንቴናው መያዣ እስከ ሻንሲው ለካሁ። ምንም ግንኙነት የለም። መያዣው የታሰረው ወፍራም ቀለም ላይ ነው። በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪያበራ ፈቀፈቅኩት። ተሻሻለ፣ ግን በጥቂቱ፤ ስፖኪዮው ያለው በሩ ላይ ነው፣ በሩ ደግሞ ከጋቢናው ጋር የሚገናኘው ግሪስ በጠጣ ማጠፊያ ብቻ ነው። ከበሩ ወደ ጋቢናው ብረት ጠፍጣፋ፣ አጭር የተጠለፈ ሽቦ አሰርኩ። ኤስደብልዩአሩ ወደ 1.4 ወረደ።

ግራና ቀኝ ሁለት አንቴና አቁም ያሉኝም ነበሩ። ያምራል፤ ነገር ግን ጥቅሙ በደንብ የሚታየው ሁለቱ ወደ 2.7 ሜትር ሲራራቁ ነው፣ ይህ ደግሞ ከጋቢናዬ ወርድ ይበልጣል። የሚያስፈልገው ገመድም ለጥንድ ተብሎ የተሠራ ሌላ ገመድ ነው። በአንዱ ጸናሁ።

ከሁለት ወር በኋላ መለኪያው እንደገና ዘለለ። የአንቴናውን ገመድ በበሩ ጠርዝ አሳልፌው ስለነበር በሩ በተዘጋ ቁጥር እየተጨፈለቀ የውስጡ ሽቦ ዙሪያውን ከሸፈነው የሽቦ መረብ ጋር ተነካክቷል። አዲሱን ገመድ በወለሉ ቀዳዳ፣ በጎማ ቀለበት ውስጥ አሳለፍኩት። ስለካም በሮቹን ዘግቼ፣ ከግድግዳ ራቅ ብዬ ነው።