ዳማውን ለጉግስ ያበቃሁበት መንገድ

ለጉግስ ፈረስ ሲገዛ ሰው ሁሉ እግርና ደረት ያያል። እኔ ያየሁት ጆሮውን ነው። ወሎ ውስጥ አቀስታ ገበያ ነጋዴው ሲጯጯህ፣ ጆንያ ከመኪና ላይ ዱብ ሲል፣ ይህ ዳማ (ቀላ ያለ ቡናማ) ፈረስ አንድ ጆሮውን ወደ ጫጫታው ያዞርና መልሶ ድርቆሹን ይበላል። አጠገቡ የታሰሩት ገመድ ሊበጥሱ ይታገላሉ። ባለቤቱ «ብትለቀው ነፋስ አይደርስበትም» እያለ ሩጫውን ያወድሳል። ሩጫማ ፈረስ ከእናቱ ሆድ ይዞት የሚወጣው ነገር ነው። ከንፈሩን ገልጬ ጥርሱን አየሁ፤ የመካከለኞቹን ለውጦ ቀጣዮቹን እየጣለ ነበር፤ ሦስት ዓመት ተኩል ገደማ መሆኑ ነው። ተስማማን።

የሠለጠነ ፈረስ መግዛት ይቻል ነበር። ነገር ግን የሠለጠነ ተብሎ የሚሸጠው አብዛኛው ፈረስ አፉ የደነዘዘ ነው። የአገራችን ልጓም ጨካኝ ነው፤ አፍ ውስጥ ከሚገባው ብረት ጋር የተያያዘ ቀለበት አገጭን ያቅፋል፤ ዛቡ፣ ጋላቢው የሚይዘው የልጓሙ ጠፍር፣ በኃይል ሲሳብ መንጋጋውን ይቆነጥጠዋል። በዚህ ዓይነት የተገራ ፈረስ ይቆማል፤ ግን አንገቱን ወደ ሰማይ ሰቅሎ፣ አፉን ከፍቶ፣ ወገቡን አጉብጦ ነው የሚቆመው። ከዚያ አቋም በፍጥነት መዞር አይችልም።

ጉግስ ደግሞ መዞር ነው። በባህል ስፖርት ውድድሮች አብሮት የሚካሄደው ሸርጥ የፍጥነት ጨዋታ ነው፤ ቀድሞ የደረሰ አሸነፈ። በጉግስ ግን አንዱ ጎራ ጋሻውን ወደ ጀርባው አዙሮ ይሸሻል፣ ሌላው ዘንግ እየወረወረ ያሳድዳል፣ ከዚያ ተራው ይገለበጣል። ግራ እጅ ጋሻና ዛብ ይዟል፤ ቀኝ እጅ ዘንግ ይዟል፤ ዓይን ወደ ኋላ ዞሯል። ታዲያ ፈረሱን ማን ይነዳዋል? ጭንና ተረከዝ፣ ከዚያም የወገብ ክብደት።

በወጣትነታቸው በጉግስ ስማቸው የተነሣ አንድ ጎረቤቴ ፈረሱን ሊያዩት መጥተው አንዴ ዞሩትና «ልጓሙን ስቀለው» አሉኝ።

«እስከ መቼ አባባ?»

«እሱ እስኪፈልግህ። ከቸኮልክ በቅሎ ተከራይ።»

ሰቀልኩት። ገብሱ ታጭዶ ቃርሚያው ብቻ በቀረበት ማሳ ላይ በረጅም ገመድ ክብ እያዞርኩት ከረምኩ። መጀመሪያ በእርምጃ፣ ቀጥሎ በሶምሶማ፤ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ። ሰው ግራኝና ቀኝኝ እንደሚሆን ፈረስም አንድ ጎኑ ይገትረዋል። የእኔው ዳማ በስተቀኝ እንደ ደረቀ ቆዳ ነበር። በዚያ በኩል ክቡን ሰፋ አድርጌ ጀምሬ ቀስ በቀስ አጠበብኩት። ሰው የሚያየው ግልቢያውን ነው፤ እኔን ብዙ ጊዜ የፈጀብኝ ግን ይህ አሰልቺ ዙሪያ ነው።

በዚያው ሰሞን በስልኬ ድሬሳዥ የሚባለውን የአውሮፓውያን የፈረስ ውድድር ማየት ጀመርኩ። ከ1912 (እ.ኤ.አ.) የስቶክሆልም ውድድር ጀምሮ በኦሊምፒክ ያለ ነው፤ ከ1952 ወዲህ ሴቶችም ከወንዶች ጋር እኩል ይወዳደሩበታል። ርዝመቱ 60፣ ወርዱ 20 ሜትር በሆነ ሜዳ ላይ ፈረሱ የታዘዘውን እንቅስቃሴ ሲያሳይ ዳኞች ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 10 ይሰጣሉ። ባለ ኮፍያ ሰዎች ፈረስ ማስጨፈራቸው መጀመሪያ አሳቀኝ። በኋላ ግን እጃቸውን አስተዋልኩ፤ አይነቃነቅም። ፈረሱ በቦታው እየረገጠ ሶምሶማ ሲመታ እንኳ ዛቡ አይጎተትም። አባባ «ጭንህ ይናገር» የሚሉኝ ነገር ይኸው ነው። ለከፍተኛው ደረጃ፣ ለግራንድ ፕሪ፣ ፈረሱ ቢያንስ 8 ዓመት ሊሞላው ይገባል የሚለውን ደንብ ሳውቅ ደግሞ ገና ጥርሱን ያልጨረሰ ፈረስ ላይ ሙሉ ሰው ጭነው የሚጋልቡ ወዳጆቼን ታዘብኳቸው። ነገርኳቸው፤ «ፈረንጅ ሆነሃል» አሉኝ።

ከድሬሳዥ ጋላቢዎቹ የወሰድኩት አንድ ልምምድ አለ፤ ከሶምሶማ ወደ እርምጃ፣ ከእርምጃ ወደ መቆም፣ ከመቆም ቀጥታ ወደ ግልቢያ። ትንፋሼን አስወጥቼ ወገቤን ከበድ ሳደርግ እንዲቆም፣ ተረከዜ ሲነካው እንዲነሣ። ልጓሙን ከዚህ በኋላ ሳገባለት ለጌጥ ያህል ብቻ ሆነ።

ጋሻው ሌላ ጉዳይ ነው። የደረቀ ቆዳ ዘንግ ሲያርፍበት የሚሰጠው ድምፅ ከባድ ነው፤ ድምፁ የሚመጣው ደግሞ ከጀርባው፣ ፈረስ ፈጽሞ ከማያይበት አቅጣጫ ነው። ጋሻውን ገብስ የሚበላበት ግርግም አጠገብ ሰቀልኩለት። የወንድሜ ልጅ ገብሱን ሲያቀርብለት በዱላ ቀስ አድርጎ ይመታዋል፤ ሲለምደው ጠንከር ያደርጋል። በመጨረሻ ድምፁን ሲሰማ ገብስ የመጣለት እየመሰለው ያሽካካ ጀመር።

ሕዝብ ማስለመዱን ወሎ ራሱ አገዘኝ። ጥምቀት ሲሆን ከታቦቱ አጀብ ራቅ አድርጌ በእልልታው መካከል አቆመዋለሁ። ሙስሊም ጎረቤቶቼ ሰርግ ሲኖራቸው ሙሽራ ለማጀብ ይዤው እሄዳለሁ። የመንዙማው ድቤ ሲመታ ራሱን ዝቅ ከፍ ያደርጋል፤ ሴቶቹ «ሐድራ ገባ»፣ ከመንዙማው ሥርዓት ገባ ለማለት፣ እያሉ ይስቁበታል።

የተወዳደርንበት ቀን ተቃራኒዎቻችን ከእኛ የሚረዝሙ ፈረሶች ይዘው ነበር። አሳዳጄ ሲደርስብኝ የኮቴው ድምፅ ጆሮዬ ሥር ገባ። ወገቤን አክብጄ በግራ ጭኔ ተጫንኩት። ዳማው ወደ ቀኝ፣ ወደዚያ ወደ ገተረ ጎኑ፣ በጠባቡ ታጠፈ። ሰውየው ዘንጉን ባዶ ሜዳ ላይ ጥሎ አለፈ፤ ፈረሱን ለመመለስ አፉን ሲቦጫጭቀው እኔ ከኋላው ነበርኩ። በድምሩ ጎራችን ተሸነፈ፤ ሦስት ጋላቢዎቻችን ደጋግመው ተመተዋል። እኔን ያገኘኝ ዘንግ ሁሉ ግን ያረፈው ጋሻዬ ላይ ነው።

የወሎው ንጉሥ ሚካኤል «አባ ሻንቆ»፣ ልጃቸው ኢያሱ «አባ ጤና» ተብለው በፈረስ ስም በተጠሩበት አገር ሰው ቶሎ ስም ያወጣል፤ ከሜዳው ስወጣ ልጆች «አባ ዳማ» አሉኝ። ሁለት ሰዎች ዋጋ ጠየቁኝ፤ አልሸጥም አልኳቸው። አሁን የሚያሳስበኝ ኮርቻው ነው። ዳማው በሥራ ብዛት ጀርባው ሰፍቶ የድሮው ኮርቻ ትከሻው ላይ ይቆነጥጠዋል፤ ደሴ ያለው ኮርቻ ሠሪ ደግሞ ከመስቀል በፊት አይደርስልህም ብሎኛል። እስከዚያ ያለ ኮርቻ በገመድ ብቻ እያሠራሁት ነው።